ሾፌሩ ነጻ ተባለ፤ ካሳውን ማን ይክፈል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ በድንገት እምቢ ይላል። ሾፌሩ ሰው ወዳልበዛበት ዳር መሪውን ይጠመዝዛል። እዚያ ዳር ላይ ግን ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታ የምትሸጥ ሴት አለች፤ መኪናው እግሯን ይሰብረዋል። ሾፌሩ አልጠጣም፤ አልፈጠነም። መኪናው የዓመቱን ምርመራ አልፏል። ባለመኪናው ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤቱ ቁጭ ብሎ ምሳ እየበላ ነበር። የሴትየዋን ካሳ ማን ይክፈል?

ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ይመልሳል። "ሾፌሩ ነዋ! የገጫት እሱ አይደል?" ይላል፤ ወይም "ማን ምን አጠፋ? ዕድሏ ሆኖ ነው፤ እግዜር ይማራት" ብሎ ያልፋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መልስ ግን ሌላ ነው፤ ምሳውን ሲበላ የነበረው ባለመኪና ይከፍላል። ምንም አላጠፋም፤ ግን ይከፍላል!

ይህ እንዴት እንደሚሆን ሲገባኝ ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም። ጠጋ በሉና ከመጀመሪያው እንሂድ። ሕግ መማር አያስፈልግም፤ መስማት ብቻ ይበቃል።

የምንገልጠው መጽሐፍ በ1952 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው። 3,367 ቁጥሮች አሉት። የቤተሰቡ ክፍል ከጊዜ በኋላ በሌላ ሕግ ተተክቷል፤ እኛ የምንፈልገው፣ ከቁጥር 2027 ጀምሮ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል ግን ዛሬም በየችሎቱ ይጠቀሳል። ሽንኩርት ሻጯና ባለመኪናው የተፈራረሙት ነገር የለም፤ ተያይተውም አያውቁ ይሆናል። አደጋው ነው ያገናኛቸው። ይህ ክፍል የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች ነው።

ወደ ፍርድ ቤቱ እንግባ። ሴትየዋ ክስ ትመሠርታለች። "ይህ ደረሰብኝ፣ ይህን ያህል ይከፈለኝ፣ ማስረጃዬም እነሆ" ትላለች። ተከሳሹ የመከላከያ መልሱን በጽሑፍ ያቀርባል። እዚህ ላይ ዳኛው የሚሠሩት ነገር ለእኔ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ነው። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርገው ያነባሉ፤ ተከራካሪዎቹንም "ይህን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?" እያሉ ይጠይቃሉ። እናቶቻችን ምስር በሰፌድ አድርገው ሲለቅሙ አይታችኋል አይደል? ደህናው ምስር አይነካም፤ ጣት የሚሄደው ወደ ጠጠሩ ብቻ ነው። ዳኛውም እንደዚያ ናቸው። ሁለቱም የተማመኑበትን ይተዉታል። አደጋው በዚያ ቀን ደርሷል? ሁለቱም አዎ ብለዋል፤ ይለፍ። መኪናው የተከሳሹ ነው? አዎ፤ ይለፍ። ጉዳቱ ይህን ያህል ነው? ከሳሽ አዎ አለች፣ ተከሳሽ ካደ። ጠጠሩ ተገኘ! ጭብጥ የሚባለው ይሄ ነው።

ከዚህ በኋላ ምስክር የሚሰማው፣ ሰነድ የሚመረመረው በጭብጡ ላይ ብቻ ነው። ችሎት ገብታችሁ ዳኛ "ይህ ከጭብጡ ውጭ ነው" ብለው ተከራካሪን ሲያስቆሙ ብትሰሙ ሰውየውን ንቀውት አይደለም። የሚያወራው ነገር እውነት ቢሆንም እንኳ ያን መዝገብ አንድ እርምጃ ወደ ፊት አያስኬደውም። ክርክር ለሰዓታት የሚዘልቀው ብዙ ጊዜ ስለማያጣላን ነገር ስለምናወራ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ጭብጡ ተያዘ። አሁን ሕጉ ለዳኛው ሦስት መንገድ ይሰጣቸዋል፤ ሦስቱም ቁጥር 2027 ላይ አሉ። ሰው ኃላፊ የሚሆነው ወይ በራሱ ጥፋት ነው፣ ወይ ሳያጠፋ በሚሠራው ሥራ ወይም በያዘው ንብረት ምክንያት ነው፣ ወይ ደግሞ ሕግ ኃላፊ ያደረገበት ሌላ ሰው ባደረሰው ጉዳት ነው። የተቀረው ሁሉ የእነዚህ ሦስቱ ዝርዝር ነው።

የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል። ጥፋት ሲባል ሆን ብሎ መጉዳት ብቻ አይደለም፤ ቸልተኝነትም ጥፋት ነው፤ ማድረግ የሚገባን አለማድረግም ጥፋት ነው። ቸልተኝነት በምን ይለካል? ዳኛው አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብለው ይጠይቃሉ። "እኔ ተፈጥሮዬ ችኩል ነው" የሚል መከላከያ አያዋጣም፤ መለኪያው የተከሳሹ ጠባይ ሳይሆን የአስተዋይ ሰው ጠባይ ነውና። ባለሙያ ከሆነ ደግሞ መለኪያው ሙያው ራሱ ነው። ሐኪም የሚመዘነው በሕክምና ሙያ በታወቁት ደንቦች ነው እንጂ በሽተኛው ስለሞተ ብቻ አጥፊ አይባልም። በዚህ መንገድ የሚሄድ ከሳሽ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት። ተከሳሹ አጥፍቷል፤ እኔ ተጎድቻለሁ፤ የተጎዳሁትም በዚያ ጥፋት ነው። አንዷ ከጎደለች ክሱ ይወድቃል።

አሁን ሽንኩርት ሻጯን አስቧት። ሾፌሩ አጥፍቷል ብላ በምን ታስረዳለች? ስለ ፍሬን የምታውቀው ነገር የለም። መኪናው በተከሳሽ እጅ ነው፤ መካኒኩ የተከሳሽ ወዳጅ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ብቻ ብትሄድ እግሯን ተሰብራ፣ ገበያዋን አጥታ፣ ባዶ እጇን ትመለስ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው መንገድ የሚመጣው! ቁጥር 2081 ባለመኪና መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ! የእኅታችሁ ልጅ ቁልፉን ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ሳትሰሙ ቢወጣና ሰው ቢገጭ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። የሚያድናችሁ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው።

ቁጥር 2086 ደግሞ በሮቹን አንድ በአንድ ይዘጋል። "አላጠፋሁም" ማለት አያድንም። "የአደጋው ምክንያት አልታወቀም" ማለት አያድንም። "ልከላከለው የማልችለው ነገር ነበር" ማለት አያድንም። "ሌላ ሰው ነው ያጠፋው" ማለት እንኳ አያድንም። ከስርቆቱ ሌላ ክፍት የቀረው አንድ በር ነው፤ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል የደረሰው በራሱ በተጎጂው ጥፋት ነው ብሎ ማስረዳት። ስለ ጥፋት የሚጠየቀው ጥያቄ እንዳለ ከመዝገቡ ወጣ ማለት ነው። ሴትየዋ የምታስረዳው ጉዳቷንና ጉዳቱን ያደረሰው ያ መኪና መሆኑን ብቻ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ያነሳው ፕላን፣ የሐኪም ማስረጃ፣ አንድ ሁለት የዓይን ምስክር፤ አለቀ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ይህን ሳስብ ነው ነገሩ ቦግ ብሎ የታየኝ። እኔ ፍርድ ቤት የሚፈልገው መጥፎውን ሰው ይመስለኝ ነበር። እዚህ የሚጠየቀው ግን ሌላ ነው። ጉዳቱ ደርሷል፤ አጥንቱ ተሰብሯል፤ ወጪው አንድ ሰው ላይ ማረፉ አይቀርም። ታዲያ ማን ላይ ይረፍ? በመኪናው በየቀኑ ገቢ የሚያገኘው ሰው ላይ፣ ወይስ ከመኪናው አንድ ሳንቲም የማታገኘው ሽንኩርት ሻጭ ላይ? ለአደጋ የሚዳርግ ነገር ይዞ የሚጠቀም ሰው አደጋውንም ይሸከም ተባለ። ፍርዱ ባለመኪናውን ክፉ ሰው ነህ አላለውም። ቅጣት አይደለም፤ የወጪ ማረፊያ ፍለጋ ነው። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን ሕግ በራሱ ሊገምተው ይችላል።

እስቲ እንሞክረው። የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋ፣ ፈንጂ ወይም መርዝ የሚያከማች ድርጅት ለሌሎች አደጋ ከፈጠረ? ሳያጠፋም ኃላፊ ነው፤ መንግሥትም ቢሆን። ገምታችኋል አይደል? ውሻችሁ አምልጦ ሰው ቢነክስ? ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ሳያስበው ያመለጠ ቢሆንም። ከፎቅ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ወድቆ ሰው ቢመታ? በቤቱ የሚኖረው ይጠየቃል። የቤቱ ግንብ ራሱ ተንዶ ጉዳት ቢያደርስ ደግሞ የቤቱ ባለቤት።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምርላችሁ። በሬያችሁ የሰው ማሳ ቢያጠፋና ጉዳቱ ከበሬው ዋጋ በላይ ቢሆን፣ ጥፋቱ የእናንተ ወይም እናንተ የምትጠየቁበት ሰው እስካልሆነ ድረስ፣ በሬውን ለተጎጂው አስረክባችሁ ከኃላፊነቱ መውጣት ትችላላችሁ። "በሬው ነው ያጠፋው፤ እነሆ በሬው!" እንደ ማለት ነው። በገጠር ለኖረ ሰው ይህ የሩቅ አገር ሐሳብ አይመስልም።

ሁለት መኪና ሲጋጭስ? ሁለቱም ባለቤቶች ሳያጠፉ ኃላፊ ከሆኑ ማን ማንን ይክሳል? ቁጥር 2084 ለአደጋው ሁለቱ እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጠራል ይልና ጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ በግማሽ ያካፍላቸዋል። አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት የደረሰ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው ይህ የሚቀረው። መንገድ ዘግተው "አንተ ነህ፣ አንተ ነህ" የሚባባሉ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር ይህቺ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

ሦስተኛው መንገድ በሌላ ሰው የሚመጣው ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባት ይጠየቃል። ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪ ይጠየቃል፤ በሥራ ሰዓትና በሥራ ቦታ የደረሰ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ሲሠራ እንዳደረሰው ይገመታል። ከፍሎ የጨረሰው አሠሪ በተራው ወደ አጥፊው ሠራተኛ ሊዞር ይችላል፤ ተጎጂው ግን የእነሱን ሒሳብ ቆሞ አይጠብቅም።

ኢንሹራንስስ? በመኪናው መስተዋት ላይ የሚለጠፈው የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። መድን ግን ማን ኃላፊ እንደሆነ አይለውጥም። ኃላፊው ከታወቀ በኋላ በተወሰነለት ልክ ገንዘቡን የሚያወጣውን ነው የሚለውጠው።

አሁን ደግሞ ከሁሉም ያስደነቀኝን ስሙ። አምስት ልጆች ድንጋይ ይወራወራሉ፤ አንዷ ድንጋይ የሰው ዓይን ትመታለች። ከአምስቱ የአንዱ ናት፤ የማን እንደሆነች ግን ማንም አላየም። በመጀመሪያው መንገድ ብንሄድ ተጎጂው አጥፊውን ለይቶ ማስረዳት ስለማይችል ይሸነፋል። ቁጥር 2142 ግን አጥፊው ከእነዚህ ሰዎች መካከል መሆኑ እርግጥ ከሆነና ማንነቱ ካልተለየ፣ ፍርድ ቤቱ ርትዕ (ሚዛናዊ ፍትሕ) ሲያስገድደው ሁሉንም በአንድነት ካሳ እንዲከፍሉ ሊያዝ ይችላል ይላል። ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የጥንቱ አፈርሳታ ነው። አጥፊው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይመረመር ነበር፤ ካልተገኘ ዕዳው የጋራ ነበር። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ይህን አስበው ይጻፉት አይጻፉት ሌላ ነገር ነው፤ ለአያቶቻችን ቢነበብላቸው ግን እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር።

እስከ አሁን ተጎጂዋን ብቻ ደግፌ ተናገርኩ። ሚዛኑ ሌላ ወገንም አለው። ሴትየዋ ሸቀጧን የዘረጋችው የእግረኛ መንገድ ላይ ሳይሆን አስፋልቱ ላይ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ያ ክፍት የቀረው በር ይከፈታል። ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ካሳው በከፊል ይሆናል። ለምሳሌ ጉዳቷ 50,000 ብር ቢሆንና ዳኛው የእሷን ድርሻ 30 ከመቶ ነው ቢሉ፣ የሚፈረድላት 35,000 ብር ነው። ሁሉን ማግኘት ወይም ሁሉን ማጣት የለም። ፍርድ ቤት አንዱ አሸናፊ ሌላው ተሸናፊ ብቻ የሚሆንበት ቦታ የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

ርዕሱ ላይ ያነሳሁትን አልረሳሁም። ሾፌሩ በወንጀል ተከስሶ ነጻ ወጣ እንበል። ሴትየዋ "እንግዲህ ምን ቀረኝ!" ብላ ቤቷ ትግባ? በፍጹም! ቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲወስን በወንጀል ችሎቱ ነጻ የማለት ፍርድ አይገደድም ይላል። ምክንያቱም ሁለቱ ችሎቶች የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደለም። የወንጀሉ ችሎት ሰውን ሊያስር ስለሆነ ከባድ ማስረጃ ይፈልጋል። የፍትሐ ብሔሩ ችሎት የማን ማስረጃ ሚዛን ደፋ ይላል። በሁለተኛው መንገድ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ጥፋቱ ጭራሽ ጥያቄ አይሆንም። አንድ አደጋ፣ ሁለት መዝገብ፣ ሁለት የተለያየ ውጤት፤ ሁለቱም ትክክል!

እስከ አሁን ያየነው ውል በሌለበት ነው፤ ውል ካለ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቤት ሊሠራላችሁ የተዋዋለ ኮንትራክተር ካልሠራ አጥፍቷል አላጠፋም ብላችሁ ብዙ አትደክሙም፤ አልፈጸመም፣ በቃ። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አጋጥሞኛል ካለ ያስረዳ፤ የተፈጥሮ መቅሠፍት፣ ጦርነት፣ የመንግሥት ክልከላ ሊሆን ይችላል። የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ናረብኝ የሚለው ግን ከአቅም በላይ አይባልም፤ ሕጉ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን ለይቶ አስቀርቶታል።

ኃላፊው ከታወቀ የሚቀረው የካሳው ልክ ነው። መርሑ ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው፤ አይበልጥም፣ አያንስም። የሕክምና ደረሰኝ፣ የቀረ ገቢ፣ ወደፊት እንደሚደርስ የታወቀ ጉዳት ይቆጠራል። ልኩን በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ ይወስናሉ፤ ገበያ ዳር ለምትሸጥ፣ ደመወዝ ወይም የሒሳብ መዝገብ ለሌላት ሴት ይህች ፈቃድ ትልቅ ነገር ናት። አንድ ቦታ ላይ ግን ልቤ ይደማል። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም ይላል ቁጥር 2116። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጁን ለተቀማ ወላጅ 1,000 ብር ምኑ ነው? ይህችን ቁጥር ሕግ አውጪው ሊነካት ይገባል፤ ይህን ያህል በጥበብ በተሠራ ሕግ መካከል እንዲህ ሆና መቅረቷ ያሳዝናል።

አሁን እናንተም በራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የሚቀጥለውን አደጋ ስትሰሙ እነዚህን በቅደም ተከተል ጠይቁ። የተካካዱት በምን ላይ ነው? ያጠፋ ሰው አለ? ባይኖርስ፣ ጉዳቱን ያደረሰው ነገር የማን ነው? ያደረሰው ሰውስ ለማን ይሠራል? ተጎጂው ራሱ ድርሻ አለው?

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህ ሁሉ መብት ጊዜ አለው። በቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጉዳቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ካለው ወንጀል የመጣ ሲሆን ብቻ ያ ረዘም ያለው ጊዜ ይሠራል። ሽማግሌ ሲመላለስ፣ "የወንጀሉ ክስ ይለቅና" ሲባል፣ ቁስሉ ይዳን ሲባል ጊዜው እንዳያልፍ። የተጎዳ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ደረሰኙን አንድም ሳይጥል እንዲያስቀምጥ፣ የአደጋውን ፕላን ቅጂ እንዲይዝ፣ ቀኑንም ከአደጋው ዕለት ጀምሮ እንዲቆጥር ዛሬውኑ ንገሩት።